ንጉሡ ቱርዓን ላይ ቆመ፦ የሐጢንን ጦርነት በስምንት ተጫዋች እንደገና መዋጋት (የጉዳይ ጥናት)

የሐጢንን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ መልሶ ለመዋጋት የተነሳ ሰው ገና ከጅምሩ አንድ ችግር ይጠብቀዋል። መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1187 የኢየሩሳሌም መስቀል ጦረኞች ሠራዊት ከጥብርያዶስ በስተምዕራብ ባለ ደረቅ ምድር ላይ በውሃ ጥም ተቃጥሎ አለቀ። ምንጭ ካለበት ሰፈር ተነስቶ ውሃ ወደሌለበት መንገድ ስለገባ ነው። ይህን ያነበበ ተጫዋች የንጉሡን ወንበር ስትሰጠው የሚመልስልህ አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ከምንጩ ንቅንቅ አልልም።» በቃ፣ ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ።

ይህ ጽሑፍ ጦርነቱን በስምንት ተጫዋችና በአንድ ዳኛ እንዴት እንዳዘጋጀነውና ምን እንደተፈጠረ ይተርካል። ዳኛው እኔ ነበርኩ። አመለካከቴን ከወዲሁ ልናገር። ቀለም የተቀባ ትንንሽ ወታደርና የሰይፍ ሰንጠረዥ የትም ይገኛል። እኔን የሚያጓጓኝ እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች ሥልጣኑ ለላላ ንጉሥ ሲታዘዙ፣ ወይም ሳይታዘዙ፣ ማየት ነው። ሕጎቹን በሙሉ የመዘንኩት በዚህ ነው። ይህን ስሜት የማያመጣ ሕግ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን አወጣሁት።

ቂም በቀሉ

ጨዋታው እንዲገባን ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ ማወቅ አለብን። ጊ ደ ሉዚኛን የነገሠው በ1186፣ በሚስቱ በሲቢላ በኩል ነው። ብዙ መኳንንት አልወደዱትም። የትሪፖሊው ገዥ ሬይመንድ ሦስተኛው ጭራሽ አልገዛም አለና ከግብፅና ከሶርያው ሙስሊም ሱልጣን ከሰላሐዲን ጋር የራሱን ዕርቅ አደረገ። በዚያ ዕርቅ የተነሳ በ1187 የሰላሐዲን ፈረሰኞች በገሊላ ግዛቱ እንዲያልፉ ፈቀደ። ሜይ 1 ቀን የቴምፕላሮቹ (የመነኩሴ ወታደሮች ማኅበር) አለቃ ዤራር ደ ሪድፎር ክሬሶን በተባለ ምንጭ አካባቢ ጥቂት ፈረሰኞች ይዞ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጦር ገጠመ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ዤራር አመለጠ። ከዚህ በኋላ ሬይመንድ ከንጉሡ ጋር ታረቀ። ታረቀ እንበል። ዤራር ግን ሰውየውን እንደ ከሃዲ ከማየት አልተመለሰም።

ሬኖ ደ ሻቲዮን ደግሞ አለ። በዕርቅ ጊዜ ይጓዝ የነበረ ትልቅ የነጋዴ ቅፍለት ዘርፎ እሳቱን የለኮሰው እሱ ነው። ሰላሐዲን እጄ ከገባ አልምረውም ብሎ ማለ። ምሐላውንም ከጦርነቱ በኋላ በገዛ ድንኳኑ ፈጸመው።

ንጉሡስ? በ1183 ጊ የታመመው ንጉሥ የባልደዊን አራተኛው እንደራሴ ነበር። ሰላሐዲን ገሊላ ሲገባ ጊ ውሃ ያለበት ቦታ ሰፍሮ አልዋጋም አለ። ሰላሐዲን ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ሄደ። በወታደር ዓይን ካየነው ደህና ሥራ ነው። በአገሩ ግን ፈሪ ተባለ፤ እንደራሴነቱንም ተነጠቀ። እንግዲህ ይህ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ምክር ሲሰማ ምን ይሰማዋል? የጨዋታው ቁልፍ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ጁላይ 2 ሰላሐዲን ጥብርያዶስን ያዘ። የሬይመንድ ሚስት ኤሺቫ ምሽጉ ውስጥ ተዘጋችበት። የመስቀል ጦረኞቹ ሠራዊት ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰፉሪያ ምንጮች ሰፍሯል። ከተማዋም ሚስቲቱም የእሱ ሆነው ሳለ «እንቆይ» ብሎ የተከራከረው ራሱ ሬይመንድ ነው። ጉባኤውም ተስማማ። ሌሊት ላይ ዤራር ለብቻው ንጉሡ ድንኳን ገባ። ሲነጋ ሠራዊቱ ተነሳ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ጁላይ 3 ሠራዊቱ የቱርዓንን ምንጭ አልፎ ሄደ። የሰላሐዲን ክንፎች ከኋላው ምንጩን ያዙበት። ሌሊቱን ያለ ውሃ አደረ። ጠዋት ጠላት ሣር አቃጥሎ በጢስ አፈነው። እግረኛው ሰልፉን ትቶ የሐጢን ቀንዶች የተባለው ባለ ሁለት ጫፍ ኮረብታ ላይ ወጣ። ሬይመንድ በፈረስ ሰንጥቆ ወጣ። ንጉሡ ተማረከ፤ ግማደ መስቀሉም ተወሰደ። ኢየሩሳሌም ኦክቶበር 2 እጇን ሰጠች።

ማን ምን ይፈልጋል

አምስት ተጫዋቾች በመስቀል ጦረኞቹ በኩል ተቀመጡ። ንጉሥ ጊ መሃሉን ከግማደ መስቀሉ ጋር ያዘ። ሬይመንድ ግንባሩን መራ። የኢበሊኑ ባላባት ባሊያን ደጀኑን ያዘ። ዤራር ቴምፕላሮቹን ይዞ ደጀኑ ውስጥ ነው። ሬኖ ከንጉሡ ጎን ነው። በሌላው ወገን ሦስት ተጫዋቾች ነበሩ። ሰላሐዲን መሃል፣ የወንድሙ ልጅ ተቂ አል ዲን ቀኝ፣ አሚሩ (የጦር አለቃው) ጎክቦሪ ግራ። ከዚህ በኋላ ተጫዋቾቹን በያዙት ሰው ስም እጠራቸዋለሁ። ዤራርን የያዘችው ሴት ናት፤ ስለዚህ «ዤራር አለች» ብል አትደናገጡ።

አንዳንድ አዘጋጆች ተጫዋቹ መጨረሻውን እንዳያውቅ የቦታና የሰው ስም ይቀይራሉ። ሰፉሪያን «ሰሜን ሰፈር» ይሉና ሰላሐዲንን ሌላ ስም ያወጡለታል። እኔ አልወደውም። ታሪክ የሚወድ ሰው ካርታውን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። ካልገባው ደግሞ ሐጢንን እየተጫወተ መሆኑን አያውቅም። ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ይልቅስ መቆየትን ውድ ማድረግ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሌላው የማያየው ካርድ ሰጠሁ። የንጉሡ ካርድ እንዲህ ይላል፦ ሰፉሪያ በቆየህ በእያንዳንዱ ቀን አንድ «ፈሪ» ምልክት ትቀበላለህ። ምልክት ያለበት ንጉሥ የሚልከውን ትእዛዝ ተቀባዩ ያለ ቅጣት እምቢ ማለት ይችላል። ሕጉ ቆይ ወይም ሂድ አይልም። የ1183ቱን ቁስል ግን ከፊቱ ያስቀምጥለታል። ሬይመንድ የራሱን ፈረሰኞች ባተረፈ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ ትእዛዝ በግልጽ ከጣሰ ይቀነስበታል። ዤራር ውጊያ ከተደረገ፣ በተለይም ሬይመንድ ከተዋረደ ታተርፋለች። ሬኖ አለመማረክ አለበት፣ ሌላው ጉዳዩ አይደለም። ባሊያን የሚቆጠርለት ሰፉሪያ የተመለሰ ጓድ ሁሉ ነው፤ የማንም ይሁን የማን።

ሰላሐዲንም ጭንቀት አለበት። ሠራዊቱ ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ነው። አሚሮቹ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ አይቆዩለትም። ስለዚህ ውጊያ ሳይደረግ ጊዜው ከነጎደ ነጥብ ያጣል። ተቂና ጎክቦሪ በጥቂቱ ይፎካከራሉ፤ ይህን ብዙም አላከረርኩትም።

ጠረጴዛው፣ ጨሌውና ደብዳቤው

ጠረጴዛው 3 ሜትር ይረዝማል። 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር ነው። በዚህ ልኬት ከሰፉሪያ እስከ ጥብርያዶስ ያለው መንገድ በሙሉ ይገባል። የመስቀል ጦረኞቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 20,000 ገደማ፣ ከዚያም ውስጥ 1,200ው ባላባት ፈረሰኛ ተብሎ ይገመታል። አንድ የፈረሰኛ ጓድ 100 ሰው፣ አንድ የእግረኛ ጓድ 500 ሰው አደረግሁ። 12 የፈረሰኛና 38 የእግረኛ፣ በድምሩ 50 ጓድ። ሰላሐዲን ደግሞ በ30,000 ግምት ተሰላለት። ወገኖቹን እኩል ለማድረግ ምንም አልሞከርኩም። ታሪካዊ ጦርነት ስትጫወት እኩልነት ከፈለግህ ቼዝ አለልህ።

አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ነው። ሠራዊቱ በዙር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ቀስተኛ ካጠቃው ግማሹን። ሒሳቡን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ማንም ሳይነካው እንኳ ጥብርያዶስ ለመድረስ 10 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቀስተኞች ከመጡ ደግሞ በአንድ ቀን የማይታሰብ ነው። ይህን ለተጫዋቾቹ ቀድሜ ነገርኳቸው። የዚያ ዘመን አዛዥም ያውቀው ነበርና።

ውሃ በሰማያዊ ጨሌ ተወከለ። እያንዳንዱ ጓድ በ6 ጨሌ ይጀምራል። በሰላም ሲጓዝ በሁለት ሰዓት አንድ ይጠፋል፤ ቀስት ሲዘንብበት በየሰዓቱ አንድ። ጨሌው የሚቀመጠው በኩባያ ተሸፍኖ ነው፤ የሚያየው የዚያ ክፍል አዛዥ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ደጀኑ ምን ያህል እንደጠማው የሚያውቀው ደጀኑ ከነገረው ነው። ጨሌው ዜሮ የሆነ ጓድ አይተኩስም፣ ጥቃት አይሰነዝርም። ከምንጭ 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም፤ ወደ ውሃው ይሮጣል።

ቱርዓን ላይ ያለው ምንጭ ለእንዲህ ያለ ሠራዊት አነስተኛ ነው። በአንድ ዙር 6 ጓድ ብቻ እንዲያጠጣ ወሰንኩ። 50 ጓድ ካለህ ሁሉም እስኪጠጣ ከ8 ሰዓት በላይ ነው። የተጠማ ጓድ ከተጋፋበት 6ቱ ወደ 3 ይወርዳል።

የሰላሐዲን ቀስት እንዲሁ ያልቃል፤ ግመል እየመጣ ይሞላዋል። የዘመኑ ጸሐፊ ኢማድ አል ዲን ቀስት የጫኑ 70 ግመሎች እንደተዘጋጁ ጽፏል። ይህ ዝርዝር በጣም ደስ ይለኛል። የሰላሐዲን ድል ግማሹ ስንቅና ትጥቅ በሰዓቱ ማድረስ ነው፤ ሐይቁም የእሱ ነው፣ ግመሉም የእሱ።

አሁን ዋናው። የመስቀል ጦረኞቹ አዛዦች ጉባኤው ካለቀ በኋላ በቃል አይነጋገሩም። የተቀመጡትም ተለያይተው ነው። የሚገናኙት በእኔ እጅ በሚያልፍ፣ ከ12 ቃል በማይበልጥ ደብዳቤ ነው። በዚህ ዙር የተጻፈ ትእዛዝ የሚደርሰው በሚቀጥለው ዙር ነው። መሃል ላይ ጠላት ካለ በሁለተኛው። የሰላሐዲን ሦስት ሰዎች ግን አንድ ጥግ ተቀምጠው እንደፈለጉ ያወራሉ። አድሏዊ ነው? አዎ፣ ሆን ተብሎ።

ዳኛ መሃል ገብቶ ደብዳቤ የሚያመላልስበት አሠራር የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስቪትስ በ1824 ባሳተመው የጦርነት ጨዋታ ዳኛው ተጫዋቾቹ ማየት የሚገባቸውን ብቻ ያሳያቸው ነበር። በ1876 ደግሞ ጄኔራል ቨርዲ ዱ ቨርኑዋ የሰንጠረዡን ብዛት አቃሎ ለዳኛው ፍርድ ሰፊ ቦታ ሰጠ። እኔ የሁለተኛው ደቀ መዝሙር ነኝ። የውጊያ ሰንጠረዤ ግማሽ ገጽ ነበር። አንድ ዳይስ ይጣላል፣ ውጤቱ ይነበባል፣ ይቀጥላል።

ሌሊቱ

ጉባኤው ሩብ ሰዓት ተሰጠው። ሬይመንድ በደንብ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ርቀቱን ቆጠረ፣ ውሃውን ቆጠረ፣ እንቆይ አለ። ባሊያን ደገፈው። ሬኖ ዝም። የገረመኝ ዤራር ናት። «ሬይመንድ ልክ ነው» አለችና ተቀመጠች። ንጉሡም እፎይ ብሎ እንቆያለን አለ።

ቀጥሎ ለዤራር ብቻ የተፈቀደው የ5 ደቂቃ የግል ንግግር መጣ። ይህን ከታሪኩ ወስጄ ሕግ ያደረግሁት ነው። እኔ እንደ ዳኛ ቆሜ ሰማሁ። ስለ ሰላሐዲን አንድ ቃል አልተናገረችም። ስለ ኤሺቫም እንዲሁ። «ነገ ፈሪ የሚባለው ማነው? አንተ። እሱ ምን ይጎድልበታል? ምንም» አለችው። የንጉሡን ካርድ አላየችም። ግን ታሪኩን ታውቃለች፤ ካርዱ ላይ ምን ሊኖር እንደሚችል ገምታለች።

ንጉሡ ግራ ገባው። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ነውና መሃል መንገድ ፈለገ። እንሄዳለን፤ ግን ቱርዓን ላይ እንቆማለን፤ ምንጩን ይዘን ሰላሐዲንን እንጠብቃለን። በወረቀት ላይ ብልህ ዕቅድ ነው። ፈሪ አያስብልም፣ ውሃም አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በአምስት ደቂቃ የተሠራ ዕቅድ ነበርና ሦስት ነገር ቀረው። ግንባሩ የት ይቁም? መጀመሪያ ማን ይጠጣ? ጠላት ከኋላ ቢመጣስ? ጊዜው አለቀና ሁሉም ወደየወንበሩ ሄደ። ቱርዓን ላይ መቆም የሚለውን ሐሳብ በዚያ ሰዓት የሚያውቀው ንጉሡና ከጎኑ ያለው ሬኖ ብቻ ነበሩ።

ቀኑ

ሠራዊቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳ። ግንባሩ ከመሃሉ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀድማል። መጀመሪያ ላይ ግንባሩንም መሃሉንም ማንም አልነካቸውም። ደጀኑ ላይ ግን ጎክቦሪ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ቀስተኞች ለቀቀበት። ባሊያን በየሰዓቱ አንድ ጨሌ ከኩባያው ሥር ያወጣል። ንጉሡ የሚያየው ግን ጸጥ ያለ መንገድ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሬይመንድ ቱርዓን ደረሰ። ቁም ያለው ስለሌለ አለፈ። ይህ በነገራችን ላይ በእውነተኛውም ታሪክ ሰዎች እስካሁን የሚከራከሩበት ቦታ ነው፤ ምንጩን ለምን አለፉት? በእኛ ጠረጴዛ ላይ መልሱ ቀላል ሆነ። ማንም አልነገረውማ።

አራት ሰዓት ላይ ንጉሡ ራሱ ምንጩ ጋ ደረሰና ትእዛዝ ጻፈ። ይቅርታ፣ የጻፈው ሬኖ ነው። ሬኖ የራሱ ክፍል ስለሌለው ሥራ ፈትቶ ነበር። ስለዚህ ቀስ በቀስ የንጉሡ ጸሐፊ ሆነ። ንጉሡ «እኔ ቱርዓን ነኝ፣ ምንጩን ይዣለሁ፣ ተመልሰህ ከእኔ ጋር ቁም» አለው። ሬኖ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው «ቱርዓን ላይ ቁም» የሚል ብቻ ነው። ተንኮል ነው ስንፍና? ሲጠየቅ ሳቀ እንጂ አልመለሰም።

ጎክቦሪ ግንባሩና መሃሉ እየተራራቁ መሆናቸውን አየና ቀስተኞቹን ክፍተቱ ውስጥ ከተተ። ደብዳቤው በሁለት ዙር ደረሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ሬይመንድ «ቱርዓን ላይ ቁም» የሚል ትእዛዝ ሲያነብ ከቱርዓን 5 ኪሎ ሜትር ርቋል። ፊቱን ብታዩት! «ቱርዓን ከኋላዬ ነው። ልመለስ?» ብሎ ጻፈ። ይህ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። «ተመለስ» የሚለው መልስ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰው። በዚያ ጊዜ ተቂ አል ዲን ሙሉ ክንፉን ይዞ መሃል ላይ ተቀምጧል። አንዲት ጥያቄና መልስ አራት ሰዓት በላች። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላመፀም።

ምንጩ ጋ ያለው ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ የግማደ መስቀሉን ጠባቂዎችና የራሱን ፈረሰኞች አጠጣ። ቀጥሎ ዤራር «ፈረሶቼ ካልጠጡ አላጠቃም» የሚል ደብዳቤ ላከች፤ ተፈቀደላት። ባሊያን ተከታታይ ደብዳቤ ጻፈ። እግረኞቹ አንድ ጨሌ፣ ከዚያም ዜሮ ሆነዋል። ንጉሡ ግን ከፊቱ የሚያየው ሙሉ ኩባያ ነውና አልጨነቀውም። ሰባት ሰዓት ገደማ የባሊያን እግረኞች ሰልፋቸውን ጥለው ወደ ውሃው ሮጡ። ምንጩ ተጨናነቀ። 6 የነበረው 3 ሆነ። ከዚያ በኋላ የመሃሉም እግረኛ መጠማት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሰላሐዲን ምን ያደርጋል? ምንም። ግመሎቹን ያመላልሳል፣ ቀስቱን ይሞላል፣ ይጠብቃል። ተቂ አሁን እንግባ ብሎ ሲወተውተው «ለምን? እነሱ እኮ እየሠሩልን ነው» አለው። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ አሪፉ የአዛዥነት ንግግር ይህ ነበር።

አልሸሹም ዞር አሉ

ሬይመንድ ሦስት የፈረሰኛና ሰባት የእግረኛ ጓድ ይዞ ብቻውን ቀርቷል። ሊመሽ ሲል ፈረሰኞቹን ሰብስቦ ተቂ ላይ ጥቃት ሰነዘረ። አቅጣጫው ግን ወደ ንጉሡ አልነበረም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነበር፤ ወደ ሐይቁ መውረጃ። ተቂ ታሪኩን ያውቃል። እውነተኛው ተቂ እንዳደረገው ሰልፉን ከፍቶ አሳለፈው፣ ከኋላው ዘጋ። ሁለት የፈረሰኛ ጓድ ከጠረጴዛው ወጡ። ሰባቱ እግረኛ ቀሩ። «አልሸሹም ዞር አሉ!» ብላ ዤራር ከወንበሯ ተነሳች። ሰላሐዲን ሳይቀር ሳቀ።

ሌሊቱን ንጉሡ ቱርዓን ላይ አደረ። ጠዋት የቀረውን ሰብስቦ ፊቱን ወደ ሰፉሪያ አዞረ። ደጀን የነበረው ባሊያን አሁን መንገድ ከፋች ሆነ። በጥሩ ሁኔታ ተዋጋ። ከ50ው ጓድ 17ቱ ሰፉሪያ ገቡ። ንጉሡም ግማደ መስቀሉም ተረፉ። ሬኖ ተማረከ። ሰላሐዲን ዳይስ እንኳ አልጠበቀም፤ የሬኖን ምስል በጣቱ ገፍቶ ጣለው።

ማን አሸነፈ?

በወገን ደረጃ ሰላሐዲን። ይህ አያከራክርም። ከእውነተኛው ሐጢን ጋር ሲተያይ ግን የመስቀል ጦረኞቹ የተሻለ አደረጉ። ንጉሥ አላቸው፣ ሲሶ ሠራዊት አላቸው።

ጭቅጭቁ የተነሳው በግል ነጥብ ነው። ከአምስቱ ከፍተኛውን ያገኘው ሬይመንድ ሆነ። ንጉሡ ተናደደ። «እግረኞቹን ጥሎ የሄደ ሰው እንዴት አሸናፊ ይሆናል?» አለ። ሬይመንድም «ትእዛዝህ ሲደርሰኝ የሚፈጸም አልነበረም፤ የሚፈጸመውን አደረግሁ» አለ። በእኔ ዓይን ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነጥቡንም አልቀየርኩም። የዘመኑ ሰዎችም በእውነተኛው ሬይመንድ ላይ እንዲሁ ነበር የተከፋፈሉት። አንዱ ከሃዲ ይለዋል፣ ሌላው ብቸኛው ብልህ። በዚያው ዓመት ሞተና ለራሱ ሊከራከር አልቻለም። አንድ ጨዋታ ይህንን ጠብ ጠረጴዛ ላይ እንደገና ካስነሳ፣ እኔ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ። የወገን ነጥብ ብቻ ቢኖር ኖሮ ሬይመንድ ወደ ንጉሡ ተመልሶ በጀግንነት ይሞት ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ይወጣው ነበር፤ ሐጢን ግን አይሆንም።

ሌላው ቅሬታ የደብዳቤው ሕግ ነው። ባሊያን «የተሸነፍነው በሰላሐዲን ሳይሆን በፖስታህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን አንድ ትንሽ ነገር ተመልከቱ። ለንጉሡ የተጻፉት ደብዳቤዎች በሙሉ ጥያቄዎች ወይም ልመናዎች ነበሩ። አንዱም ቁጥር አልያዘም። ባሊያን «ተጠምተናል» ብሎ ጻፈ እንጂ «22 ጓድ፣ ዜሮ ጨሌ» አላለም። ለዚህ ደግሞ 12 ቃል ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

ጨዋታው ስለ እውነተኛው ጦርነት ምን አረጋገጠ ቢባል፣ ምንም። ምንጩ በዙር 6 ያጠጣል ያልኩት እኔ ነኝ። 12 ብል ኖሮ ንጉሡ ሌሊቱን በሰላም ያድር ነበር። የጠቀመን ግን ጥያቄውን መቀየሩ ነው። ቱርዓን ላይ ቢቆሙ ይድኑ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ውሃው መጠን ብቻ ይሆናል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ያየነው ወረፋውን ማን እንደሚያስከብር ነው። ሁሉም የሚፈራው ንጉሥ ቢሆን እግረኛውን ያስቀድም ነበር። ጊ ግን ዤራርን እምቢ ማለት አልቻለም።

አጨዋወቱ ላይም ትንሽ ልበል። ስምንት ሰው ሲኖር ትልቁ ጠላት መሰልቸት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅስ፣ በዙር 3 ደቂቃ ብቻ ስላልን ብዙም አልቆመም። ይሁን እንጂ ጎክቦሪ ከቀትር በኋላ ሥራ አጥቶ ነበር፤ ቀስት ከመልቀቅ ውጪ። ባሊያን በተቃራኒው ትንፋሽ አላገኘም።

ለሚቀጥለው ጥቂት ነገር ቀይረናል። የሬኖ ወንበር በይፋ የንጉሡ ጸሐፊ ሆኗል፤ የንጉሡን ቃል ማሳጠር ይችላል፣ መጨመር ግን አይችልም። ከደጀኑ የሆስፒታለር (እንደ ቴምፕላሮቹ ያለ ሌላ የመነኩሴ ወታደሮች ማኅበር) ፈረሰኞች ተነጥለው ለዘጠነኛ ተጫዋች ይሰጣሉ፤ ባሊያን ይቀለዋል፣ ዤራርም ለፈረሶቿ ውሃ ስትጠይቅ ተፎካካሪ ታገኛለች። ሰላሐዲንና ክንፎቹም ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲራራቁ በደብዳቤ ይነጋገራሉ፤ ይህን የጠየቀው ራሱ ሰላሐዲን ነው፣ ሥራው ከመጠን በላይ ቀለለኝ ብሎ። የቱርዓን ቁጥር ደግሞ ከ3 እስከ 10 በዕጣ ወጥቶ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። ፖስታውን የሚከፍተው መጀመሪያ ምንጩ ላይ አንድ ሙሉ ዙር የቆመ አዛዥ ነው። ቁጥሩን ለሌሎቹ መንገር አለመንገር የራሱ ፋንታ ነው።